ከግራ ጥግ ያለችው ቁልፍ

ባለፈው ወር ሰበታ የነበረችኝን የጽሕፈት ክፍል ለአከራዬ አስረከብኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ሠላሳ ሁለት ሳይሞላኝ ሥራውን ተውኩት። «ጡረታ ወጣሁ» ስላቸው ጎረቤቶቼ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ዛሬ ሰው ማመልከቻውን በስልኩ ጽፎ ይመጣና «አትምልኝ» ነው የሚለው። ማተም ደግሞ የኔ ሥራ አልነበረም። አሁን ቡራዩ ተቀምጬ ኪቦርድ እሸጣለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ በቀድሞው ሥራዬ ላይ የፈጸምኩት አንድ ስህተት ስለሆነ፣ የሥራ ዘመኔን ስጽፍ እሱን ማለፍ አልችልም።

ጽሕፈት የተማርኩት ብቻዬን ነው። ፉሪ ከወላጆቼ ቤት፣ የካርቶን ክዳን ላይ ኪቦርድ ሥዬ ነበር የምለማመደው። የእያንዳንዱን ቁልፍ ስፋት አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በማስመሪያ ለካሁ። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ሱፍ ልታሰፋለት ነው?» አለኝ። ከወራት በኋላ እውነተኛው ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ጣቶቼ ቦታቸውን ያውቁ ነበር። ምን ያህል መጫን እንዳለባቸው ግን አያውቁም። ካርቶን ስለማይሰምጥ እኔም በኃይል መምታት ለምጄ ነበር።

«ፈጣን ነህ፤ ግን ሚስማር ነው የምትመታው» አሉኝ እትዬ ሙሉነሽ፣ የመጀመሪያዋ አለቃዬ። ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰበታ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስለ እትዬ ልማዶች ግን ብዙ አለኝ።

ጥፍራቸውን ዘወትር ሰኞ ጠዋት ይቆርጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ ጨርቅ ዘርግተው የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይነቅሉና በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ያጸዳሉ። የተፋቀ ፊደል ሲያዩ ያሳዩኛል። በላቲን ፊደል ድምፅ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ቶሎ የሚፋቁት አናባቢዎቹ ናቸው። አፋን ኦሮሞ ሲጨመርበት አናባቢው እየተደገመ ስለሚጻፍ፣ ከሁሉ በፊት የምትጠፋው የላቲኑ የመጀመሪያዋ ፊደል A ናት። «የሰበታ ኪቦርድ በዚህ ይታወቃል» ይሉ ነበር።

ባለጉዳይ ሲመጣ ወዲያው ኮምፒውተር አይነኩም። እርሳስና ወረቀት ይዘው ያዳምጣሉ። «ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ንዴቱን ነው፤ ጉዳዩ ኋላ ነው የሚመጣው። ንዴቱን በእርሳስ ጻፍለት» ይሉኛል። ከዚያ ነው ወደ ኪቦርዱ የሚዞሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጥጉ ላይ ያለውን ኮንትሮል ትይዛለች፣ የቀለበት ጣታቸው ደግሞ ከላዩ ያለችውን S ትነካለች። በዚህ የተጻፈው ሁሉ ይቀመጣል። «ነጠላ ሰረዝ ላይ ተንፍስ፣ አራት ነጥብ ላይ ሴቭ አድርግ» ይሉኝ ነበር። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ከተማ ይህ ትልቅ ሕግ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕጉ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ጣቶቼ ውስጥ ገባ። ማሰብ አቆምኩ።

ከእሳቸው ቀጥሎ ቡራዩ የከድር ሱቅ ተቀጠርኩ። ከድር ከኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ከአባቱ ጋር የጽሕፈት መሣሪያና የኮምፒውተር ዕቃ የሚነግድ ሰው ነው። እዚያ የተማርኩት ፍጥነትን ነው፤ ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር። ከዚያ ሱሉልታ ሄድኩ። የሱሉልታ ባለጉዳዮቼ ብዙዎቹ ሯጮች ነበሩ። ልምምዳቸውን ጨርሰው ላባቸው ሳይደርቅ ገብተው ለውጭ ውድድር የሚላክ ቅጽ ያስሞላሉ። ሰዓታቸውን ሲነግሩኝ አንዲት ሰከንድ ብሳሳት ጉዳቱ የእነሱ ስለሆነ፣ ቁጥር ሁለቴ ማንበብን የለመድኩት እዚያ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ ሲደክማቸው የሰበታዋን ክፍል ለኔ ተዉልኝ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ለሦስቱ ከተሞች አካፈልኩት። የራሴ ኮምፒውተር ያገለገለ ላፕቶፕ ነበር። ባትሪው ሞቷል፤ ከመብራት ጋር ካልተያያዘ አይሠራም። አንድ ረድፍ ቁልፉም ስለማይሠራ ሌላ ኪቦርድ ሰክቼ ነበር የምጽፍበት። ኪቦርዱ ሙሉው ዓይነት፣ በቀኙ የቁጥር ረድፍ ያለው ስለሆነ ከቦርሳዬ ወጥቶ ይታያል። የሚኒባስ ረዳቶች «ፍሬንድ፣ ጣውላዋን ከላይ እንጫናት?» ይሉኝ ነበር።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲነሳ ቀልዱ ቀረ። ማስተር ፕላኑ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ከዋና ከተማዋ ጋር የሚያያይዝ ዕቅድ ነው ሲባል፣ መሬት ያለው ገበሬ ሁሉ «የኔስ ምን ይሆናል?» እያለ ነበር። ወጣቶች መንገድ ይዘጋሉ፣ ፖሊስ መኪና እያስቆመ ይፈትሻል። ሁለት ጊዜ «ይሄ የረዘመው ምንድነው?» ተብዬ ከሚኒባስ ወረድኩ። በሁለተኛው ጊዜ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ሳለሁ ነው ቦርሳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ትንሽ ኪቦርድ ለመግዛት የወሰንኩት።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ከድር ሱቅ ሄጄ ሦስት ትንንሽ ኪቦርዶች አስወረድኩ። የመጀመሪያው ውብ ነበር፤ የቀኙ ሺፍት ግን አጥሮ ከጎኑ የቀስት ቁልፍ ገብቶበታል። በምጽፍበት ፕሮግራም ጠ፣ ጨ እና ጸ የሚወጡት ሺፍት ተይዞ በግራ እጅ ፊደላት ነው፤ ስለዚህ የቀኙ ሺፍት ያስፈልገኛል። «ጠበቃ» ልጽፍ ስል ጣቴ ቀስቱ ላይ አረፈና ፊደሉ ከላይኛው መስመር መሐል ተሸነቆረ። መለስኩት። የሁለተኛው ረጅሙ የስፔስ ቁልፍ ዳርና ዳሩን ሲጫኑት ይንጋደዳል። መለስኩት።

«ፕሮፌሰር፣ ልትገዛው ነው ልታገባው?» አለኝ ከድር።

«ከሱ ጋር ነው የምውለው።»

«እኔም ከሚስቴ ጋር ነው የምውለው። እንዲህ አልፈተሽኳትም።»

«እሷ ፈትሻህ ይሆናል» አለ አባቱ ከጓዳ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ።

ሦስተኛውን ሰካሁት። ሺፍቱ ረጅም ነው። ቁልፎቹ ለስለስ ብለው ይሰምጣሉ፤ ሲመለሱም አይዘገዩም። የቁጥር ረድፍ የለውም፤ ቁጥር ከላይ ካለው መስመር መጻፍ ግን ከሱሉልታ ጀምሮ እችልበታለሁ። አንድ ገጽ ሙሉ ማመልከቻ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩ። አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ከድር ስክሪኑን አይቶ «ይሄን ሁሉ ጽፈህ ልታጠፋው ነው?» አለ።

«ለሙከራ ነው» አልኩና በማውስ ዘግቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ሰበታ ክፍሌ መጡ። ከተፍኪ ከተማ ወዲህ ያሉ ገበሬ ናቸው። መሬት ከተለካ በኋላ በተለጠፈው የስም ዝርዝር ላይ፣ ከአባታቸው የወረሱት የወንዝ ዳር መሬት በሌላ ሰው ስም ሰፍሯል። የቅሬታ ማቅረቢያው መጨረሻ ቀን በማግስቱ አርብ ነው። ከዚያ ካለፈ ዝርዝሩ ይጸድቃል። ድንበሩን የሚመሰክሩ አምስት ሽማግሌዎች በእግራቸው ይዘው መጥተዋል። ምስክርነቱ ተጽፎ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት መግባት አለበት።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?» ብለው ደኅንነቴን ጠየቁና «ቶሎ ልታደርስልኝ ትችላለህ?» አሉኝ።

«ፈያ፣ ደኅና ነኝ። እችላለሁ፣ ኦቦ።»

እርሳስ አልያዝኩም። ጣቶቼ ከእርሳስ ይፈጥናሉ ብዬ አሰብኩ፤ አዲሱን ኪቦርድም ሥራ ላይ ላየው ጓጉቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን መጠሪያና የኦቦ ገመቹን ስም ጽፌ፣ ፋይሉን በማውስ በስማቸው አስቀመጥኩት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በተራ ተናገሩ፣ እኔም በአፋን ኦሮሞ እየጻፍኩ ሁለት ሰዓት ሄደ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ትንሿ ጣቴ ወደ ግራ ጥግ ትወርዳለች፣ የቀለበት ጣቴ ትከተላለች። አምስተኛው ሽማግሌ የመጨረሻ ቃላቸውን እየተናገሩ ሳለ መብራት ሄደ።

«ጠፋ?» አሉ ኦቦ ገመቹ ደንግጠው።

«ምንም አይደለም። በየነጥቡ አስቀምጫለሁ» አልኳቸው። ሻይ አዘዝኩላቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ። ፋይሉን ከፈትኩት። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ መጠሪያ አለ፣ ከሥሩ የኦቦ ገመቹ ስም አለ። ሌላ ምንም የለም። ማሽኑ እንዳይደነዝዝብኝ ብዬ በራሱ የሚያስቀምጥበትን ነገር ቀደም ብዬ አጥፍቼው ስለነበር ከዚያም የሚገኝ አልነበረም። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ዘግቼ ከፈትኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስክሪኑን አጎንብሰው እያዩ «ገመቹ፣ ይሄ ልጅ ቃላችንን በላው እንዴ?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

«እንደገና እንጀምር» ስል ከውጭ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ የሰፈሩ ሁሉ። ከዋናው መንገድ ጩኸት ይመጣል። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንስተው ተነሡ፤ መንገዱ ሳይዘጋ ቤታቸው መድረስ ነበረባቸው።

«የመብራቱ ነገር ነው፤ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ በር ላይ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከስህተቱ በላይ ሲያሳፍረኝ ኖሯል።

አርብ ማለዳ ኪቦርዱን በቦርሳ ይዤ እትዬ ሙሉነሽ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

«እጅህ የት ነበር?» አሉ ብቻ።

ጠረጴዛው ላይ አሳየኋቸው፤ ትንሿ ጣት ጥግ፣ የቀለበቷ ከላይ። ኪቦርዱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና ዓይናቸውን ጨፍነው የግራውን ጥግ ዳሰሱ። ከዚያ ያንኑ ጣት አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ አሻገሩ።

«ይቺ ናት ኮንትሮል። ጥጉ ላይ ያለችው ምንድናት?»

አየኋት። ትንንሽ ኪቦርዶች ሌሎች ቁልፎችን ድርብ ሥራ ለማሠራት የሚጨምሯት ቁልፍ ናት። በዚህኛው ላይ ኮንትሮልን ከቦታው ገፍታ ጥጉን ይዛለች። እሷ ስትያዝ ፊደል ስለማይጻፍም አልታወቀኝም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም የማታስቀምጥ ቁልፍ ስጫን ነበር የዋልኩት። ከድር ሱቅ ውስጥ ሺፍቱን፣ ቁጥሩን፣ የቁልፉን ልስላሴ ሁሉ ሞክሬያለሁ። እንዲቀመጥ የምፈልገው ጽሑፍ ግን ስላልነበረኝ ማስቀመጥን አልሞከርኩም።

«እርሳሱስ?» አሉ እትዬ።

«አልያዝኩም» አልኳቸው። ተነሥተው ከመሳቢያ ሦስት የተቀረጹ እርሳሶችና አንድ ደብተር አመጡ። «እነሱ በእግራቸው መጥተውልሃል። አሁን አንተ ሂድላቸው።»

መኪና አልነበረም፣ በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ሁለት የልቅሶ ድንኳን አለፍኩ። ማን እንደሞተ አልጠየቅኩም፤ በአንደኛው ደጅ ላይ የቆሙት ሁሉ የተማሪ ቦርሳ ያነገቱ ነበሩ። ከከተማው ወጣ እንዳልኩ ወጣቶች አስቆሙኝ።

«መሬት ቀያሽ ነህ?» አለኝ አንዱ በኦሮምኛ፣ ደብተሬን እየነጠቀ።

«ጸሐፊ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ዘንድ ነው የምሄደው፤ የመሬታቸውን ቅሬታ ልጽፍ።»

ሌላው ቦርሳዬን ፈትሾ ኪቦርዱን አወጣ። «ኮምፒውተሩስ?»

«ቤት ነው።»

«ኪቦርድ ብቻ ይዘህ ነው ገጠር የምትሄደው?»

«አዎ።»

ተያዩ። «ቀያሽ እንዲህ አይጃጃልም፤ አሳልፉት» አለ የመጀመሪያው፣ ደብተሩን እየመለሰልኝ። ከዚያ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋና «አጥርተህ ጻፍላቸው» አለኝ።

ኦቦ ገመቹ ከብቶቻቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳልጨርስ እውነቱን ተናገርኩ። መብራቱ አልነበረም፣ የኔ ጥፋት ነው፤ አዲስ ኪቦርድ ሳላውቀው ሥራ ላይ አዋልኩት፣ በእርሳስም አልያዝኩም አልኳቸው። ዕለቱ አርብ እንደሆነ፣ መንገዱ ተዘግቶ ቢሮ መድረስ እንደማንችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ኋላ የቀረችውን ላም ወደ ውሃው ነዷት።

«አዲስ በሬ በጠመድክበት ቀን ዘር ይዘህ ትወጣለህ?» አሉ በመጨረሻ።

«አልወጣም።»

«ታዲያ?» አሉ። ከዚያ በትራቸውን አንስተው «ና፣ ሰዎቹ ጋ እንሂድ። ቀኑ ቢያልፍም ቃሉ ይጻፍ» አሉና ቀደሙኝ።

አምስቱንም በየቤታቸው አገኘናቸው። ያን ቀን የተማርኩትን እስከዛሬ አልረሳሁም። ክፍሌ ውስጥ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ባለሥልጣን ፊት እንደቆመ ሰው ነበር፤ «መሬቱ የአባቱ ነው፣ እናውቃለን» ብለው ያበቃሉ። እዚህ ግን ወንዙ ዳር ወስደው አሳዩኝ። አንዱ የዋንዛውን ዛፍ ማን እንደተከለው ነገሩኝ። ሌላው የድንበሩን ድንጋይ በእግራቸው መታ አድርገው «ይሄን ከአባቱ ጋር ሆኜ ያንከባለልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ይሄ ልጅ ቃላችንን በላው» ያሉት ሽማግሌ ደግሞ «ይኸው ሁለተኛ ሰሃን» እያሉ ከመጀመሪያው ቀን እጥፍ ተናገሩ። ሁሉንም በእርሳስ ጻፍኩ፣ አነበብኩላቸው፣ አረሙኝ። የጠፋው ጽሑፍ ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም።

ቢሮው ተከፍቷል ሲባል ሁለተኛው ሳምንት ገብቶ ነበር። ጽሑፉን በአሮጌው ትልቅ ኪቦርድ ገልብጬ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት፣ ከኦቦ ገመቹ ጋር ገባን። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ የመጨረሻውን ቀን አየች።

«አርብ ነበር የሚያበቃው» አለች።

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእሳቸው አይደለም» አልኳት።

ወደ ባልደረባዋ ዞረች። «አርብ ገብተን ነበር እንዴ?»

«የት ገብተን! በሩ በሰንሰለት ታስሮ።»

«እንግዲያው ለኛ አርብ ገና ዛሬ መምጣቱ ነው» አለችና ማህተሟን አነሳች።

ኦቦ ገመቹ ከቢሮው ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁት። ከወራት በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። የወንዝ ዳሩ መሬት ግን ከዚያ በፊት፣ አጣሪዎች ሄደው ዋንዛውንና ድንጋዩን አይተው በስማቸው ሰፍሮ ነበር።

ትንሿን ኪቦርድ አልጣልኳትም። በጥጓ ቁልፍ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩባት፤ ጣቴ ሸካራውን ሲነካ ወደ ቀኝ እንዲሻገር። አንድ ወር ሙሉ የማይቸኩል ደብዳቤ ብቻ ጻፍኩባት፣ ጦም ባደረ መሬት እንደሚገራ በሬ። ከዚያ ዓመታት አገለገለችኝ። የመጀመሪያዋ ፊደል ከተፋቀች ቆየች።

የማመልከቻው ሥራ ሲቀንስ ከድር ነው የጠራኝ። «ፕሮፌሰር፣ ሰው ኪቦርድ እየገዛ በሳምንቱ ይመልስብኛል። አንተ ና ድርልኝ» አለ። እሺ አልኩ፤ ሰው ገዝቶ ከመውጣቱ በፊት ግን በኔ መንገድ ይፈትናል አልኩት። ገዢው ሊጠፋበት የማይፈልገውን ነገር እንዲጽፍ እጠይቀዋለሁ። በለመደው ጣት ያስቀምጣል። ከዚያ የሱቁን ኮምፒውተር ከመብራቱ እነቅላለሁ። ከድር በነቀልኩ ቁጥር «ኮምፒውተሬን ልትገድለው ነው!» ይላል፤ የሚመለስ ኪቦርድ ከቀረለት ወዲህ ግን ጩኸቱ ለአፉ ያህል ነው።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ገመቹ ከልጃቸው ከጫልቱ ጋር መጡ። አርጅተዋል። ጫልቱ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ልትቀጠር ነው፤ ጠረጴዛዋ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ኪቦርድ ትፈልጋለች። ሺፍቱ ረጅም የሆነውን መርጬ ሰካሁላት።

«ሊጠፋብሽ የማትፈልጊውን ጻፊ» አልኳት።

አባቷን አየቻቸው። እሳቸው ወንበራቸውን ሳብ አድርገው በቀስታ መናገር ጀመሩ። የአምስቱን ሽማግሌዎች ስም ነበር የሚነግሯት። ሁለቱ በሕይወት የሉም። ጫልቱ ጻፈች፤ ትንሿ ጣቷ ወደ ግራ ጥግ ወረደች፣ ሌላዋ ተከተለች።

«ኦቦ፣ አሁን ሊነቅለው ነው፣ ልብዎን ይያዙ» አለ ከድር።

ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠቆረ። ኦቦ ገመቹ ጥቁሩን ስክሪን እንደዚያን ቀኑ ሽማግሌ አጎንብሰው አዩት። መልሼ ሰካሁና ጫልቱ ፋይሉን ከፈተች።

አባቷ ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ ሳያነሱ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«አምስት» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ጠቅልልላት።»